ለሳሉግ ጥሩምባ ለማይነፋው እድራችን

ለተከበሩ አቶ ታጠቅ ፀሐዩ
የሰፈራችን እድር ሊቀመንበርና የሰሊጥ እርሻ ባለቤት
ገንዳ ውሃ
ኅዳር 2001 ዓ.ም.

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ትራክተርዎ፣ በየማሳው የቆመው ሰሊጥዎ ሁሉ ደኅና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በመናኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤት ያለኝ የእድርዎ አባል፣ ከእፍረት በቀር ደኅና ነኝ።

ስለ ሸጋው አለነ ለእርስዎ መጻፍ ለቀባሪው ማርዳት እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ነበር፤ ኋላ ሳስበው ግን እርስዎ አልቀበሩትም። ስለዚህ አረዳዎታለሁ።

፩ኛ፦ ሸጋው ከላስታ ደጋ ለአጨዳ ወርዶ በእርስዎ ማሳ ሲሠራ በወባ የሞተ ሰው ነው። ስሙን የምነግርዎ የሚያውቁት ስላልመሰለኝ ነው፤ እኛ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደውን ሁሉ ሳሉግ ብለን ስለምንጠራ ስም መጠየቅ አልለመደብንም። ጓደኞቹ አስከሬኑን ተሸክመው ደጅዎ ሲደርሱ፣ ለሳሉግ ጥሩምባ እንደማይነፋና ድንኳን እንደማይወጣ በትዕግሥት ስላስረዷቸው፣ በሐዘናቸውም መካከል ደንብ ስላስተማሯቸው እናመሰግናለን። ውሃ ሻጩ ጎረቤታችን ሙሐመድጣሂር ግን ደንባችንን ስላልተማረ የአህያ ጋሪውን አውጥቶ፣ አካፋ ይዞ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድረስ ሸኘው። አላህ ይስጠው።

፪ኛ፦ ስለ ቃሉ አጠቃቀምም ምስጋና ይገባዎታል። ሰሊጡ ደርሶ ሊረግፍ ሲል እርስዎና መሰሎችዎ የጎንደሩን አውቶቡስ ከብባችሁ የሚወርደውን ሁሉ “ወንድሜ፣ የእናቴ ልጅ” እያላችሁ ስትሻሙ ከምግብ ቤቴ በር ሆኜ አያለሁ። ሰሊጡ ከታጨደ በኋላ ያው የእናትዎ ልጅ ሳሉግ ይሆናል። ጎጃሜውም ወሎዬውም እዚህ ሲደርስ አገሩም ዘሩም ተፍቆ፣ በኮንጎ ጫማውና በትከሻው አንሶላ የሚታወቅ አንድ ጎሳ ይሆናል። የእርስዎም አባት ለአረም በእግራቸው የወረዱ ሰው እንደነበሩ ሽማግሌዎች ያወራሉ፤ እኔ ግን ለእርስዎ ካለኝ አክብሮት የተነሣ አላመንኳቸውም።

ሦስተኛውን ነገር ቁጥር ልሰጠው አልፈልግም። የሟቹ አባት አባ አለነ ልጃቸውን ፍለጋ መጥተው በየደረሱበት “ያ የሞተው ሳሉግ” ሲባል ሰሙ። ከመንደራቸው ወደ ቆላ የወረደ ከሸጋው በፊት ስላልነበረ ቃሉን አያውቁትም፤ እናም በእኔው ቤት ምሳ ሲበሉ አግኝተውዎ ትርጉሙን ጠየቁዎ። እርስዎ አንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞር ብለው አይተው፣ እንግዳ ማለት እንደሆነ ነገሯቸው። ሽማግሌው “በእኛ አገር እንግዳ የሞተበት ሰው እንደ ልጁ ነው የሚያለቅስለት፤ ልጄን እንዲህ አድርጋችሁ ከቀበራችሁልኝ እግዜር ያክብራችሁ” ብለው ጉልበትዎን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። እርስዎም ትከሻቸውን ይዘው ምንም እንዳልሆነ ነገሯቸው። እኔም በገዛ ቤቴ፣ እውነቱን እያወቅሁ፣ ሳህኔን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ለአንድ ሠራተኛ ምግብ ሳቀርብ ቀና ብዬ ፊቱን ማየት አቅቶኛል። አፍሬያለሁ አቶ ታጠቅ፤ በእርስዎ ብቻ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ይህን ያማረ ትርጉምዎን በሚመጣው የእድር ስብሰባ በጥሩምባ እንዲያስነግሩልን በትሕትና እየለመንሁ፣ በእርስዎ ቀብር ቀን ጥሩምባው እንደማይቀር ሙሉ እምነት ያላት፣ መዋጮዋን ያላጓደለች አባልዎ

ሀብትነሽ ማተቤ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ የሸጋው ታናሽ ወንድም ምናለ ከአውቶቡስ ወረደ። አባቱ፣ “ሳሉግ ነኝ” ካለ እንደ ልጅ እንደምንቀበለው ነግረውት ነው የላኩት። መናኸሪያው ውስጥ ሳሉግ ነኝ እያለ ለሁሉም ይናገራል፤ ሰው ሲስቅ እሱም አብሮ ይስቃል። ትርጉሙን ከተረጎመው ሰው ይስማው ብዬ ቤትዎን አሳየሁት፤ እየመጣ ነው።