የላክኸው ፎቶግራፍ

ቡሬ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለተስፋው፤ በሰው አገር ጤናህን አምላክ ይጠብቅልኝ። እኛን ቸርነቱ አልተለየንም።

ጤፉ ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። አባታችን መሪጌታ ክንፈሚካኤል ዳዊታቸውን ለቤተ ክርስቲያን ሰጡ። «በቃሌ እወጣው የለም? ለምን ይዤው እዞራለሁ?» አሉ። ብቻቸውን መሄድ ስለሚወዱ፣ ከደጃችን እስከ ቤተ ክርስቲያን ያለውን ድንጋይ አስለቀምሁት።

ደብዳቤህ ደረሰን። የዓይንን ውስጥ የሚያነሣ ካሜራ ከመምህሮችህ ጋር እየሠራህ መሆኑን፣ የላክኸው ቀይ ፎቶግራፍም የገዛ ዓይንህ ውስጥ መሆኑን አነበብሁ። አባታችን ግን ሳላነብላቸው በፊት ፎቶግራፉን ከፖስታው አውጥተው ወደ መስኮቱ አዙረው ያዙት። ብዙ ቆዩ።

«ልጄ ወፍሯል፤ ፊቱም የእናቱን መስሏል» አሉና ሳሙት።

«አዎ አባቴ፣ ቁርጥ እናታችንን» አልኋቸው። ስለ ፎቶግራፉ የጻፍኸውን ዘልዬ የቀረውን አነበብሁላቸው።

ካሜራው እስኪያልቅ አትጠብቅ፤ ፈቃድ ከሰጡህ ለፋሲካ ና። ፎቶግራፉን ከትራሳቸው ሥር አኑረውታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያወጡና «ልጄን እዩልኝ» ይላሉ። እንግዳው ፎቶግራፉን ያይና ቀና ብሎ እኔን ያያል።

መንገድህን ያቅናልህ፤ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።

እህትህ እህተ ማርያም