ለለቅሶሽ ሁለት ጊዜ የታጠበችው መኪና

ለባለቤቴ ለለተይ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ብዕሩ እንቢ አለኝ። ተቆጥቼብሻለሁ። ዐፈር ከለበስሽ አራተኛው ወር ገባ። ክረምቱ ሲገባ ሄድሽ፤ ክረምቱ ወጥቶ እንኳ ቁጣዬ አልወጣም።

የቤቱን ልንገርሽ። ዶሮዎቹን ለጎረቤት ሰጠሁ፤ ጩኸታቸውን እችል የነበረው ስላንቺ ስል ነው። የመኝታ ቤቱ መስኮት ዛሬም አይገጥምም፤ አናጢው በመጣ ቁጥር ያባብሰዋል። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር የደረደርሻቸው በርሜሎች ግን ሞልተዋል። መጀመሪያ የሚወርደው ዝናብ የጣሪያውን አቧራ እስኪያጥብ እጠብቅና ክዳናቸውን እከፍታለሁ። ልክ እንዳዘዝሽኝ ነው።

አሁን ወደ ወንድምሽ ወደ አያ ተስፋይ ልምጣ። ወንዝ ሞልቶባቸው ቀብርሽ ላይ ያልደረሱት የተምቤን ዘመዶችሽ ባለፈው እሑድ መጡ፤ ለእነርሱ ሲባል ለቅሶሽ እንደ አዲስ ተደረገ። እንደምታውቂው የሟች በቅሎ የሟቹ ልብስ ተደርጎባት በአልቃሹ መኻል ትመራለች። አንቺ በቅሎ አልነበረሽም። ወንድምሽ፣ እንግዲያው መኪናዋ ትውጣ፣ ቀሚሷም ከሞተሩ ክዳን ላይ ይነጠፍ አለ። ሐሳቡን ወደድኩት። ጣሊያኑ ሲሄድ የገዛናት ያቺ ትንሽ ጥቁር መኪና ከእኔ ይልቅ ያንቺ ነበረች፤ እኔ እነዳለሁ፣ አንቺ ታዝዣለሽ።

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አያ ተስፋይ አጥቧት ጠበቀኝ። በእኩለ ቀን! በጠራራ ፀሐይ! በጉድጓድ ውኃ! ጥቁሩን ቆርቆሮ ሁሉ ነጭ ነጠብጣብ ወርሶታል፤ ፈንጣጣ የጎበኘው ፊት መስሏል። እርሱ አጠገቧ ቆሞ እጁን በሱሪው እየጠረገ፣ “በል እያት፤ መስተዋት አድርጌልሃለሁ” አለኝ።

በለቅሶ ቤት የማይነገር ቃል ከአፌ ወጣ። የዚህ አገር ውኃ ከኖራ ድንጋይ እንደሚመነጭ፣ ጠብታው ሲደርቅ ውኃው ሄዶ ኖራው እንደሚቀር፣ ፀሐይ ያጋለው ቆርቆሮ ደግሞ ሳይጠረግ ቀድሞ እንደሚያደርቀው እየጮኽኩ አስረዳሁት። ማንቆርቆሪያውን አምጥቼ ውስጡ የጋገረውን ነጭ ቅርፊት አሳየሁት። ሴቶቹ ሙሾአቸውን አቋረጡ። አንድ የተምቤን ሽማግሌ፣ “ሐዘን ነው፤ ተዉት ይውጣለት” አሉ። ሐዘን አይደለም፤ ነጠብጣብ ነው! በስምሽ የምትወጣ መኪና እንዲህ ሆና አትወጣም አልኩ። ቄሱ ቀኑ እየሄደ ነው አሉኝ። ዘመዶችሽ ደግሞ ሲነጋ ተጓዦች ናቸው፤ ያን ዕለት ካልወጣች ከቶ አትወጣም።

ወደ ቤቱ ጥላ ገፋኋት። መዳፌን ቆርቆሮው ላይ እየጫንኩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁ። ነጩን ነጠብጣብ ሎሚ ጠብ ባደረግሁበት እርጥብ ጨርቅ አሟሟሁት፤ ከጣሪያዋ ጀምሬ ወደ ታች በሳሙና አጠብኳት፤ ከዚያ የዝናቡን ውኃ ከጣሳ፣ ሳልረጭ፣ ወደ ቆርቆሮው አስጠግቼ አፈሰስኩ። እዚህ ላይ ነው የከዳሽኝ። ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ የሚወርደውን ነፋስ ታውቂዋለሽ። የዝናብ ውኃ ኖራ የለውም፤ ነፋሱ ግን አቧራ ይዞ ይመጣል፤ ጠብታ ውስጥ የገባ አቧራ ቀለበት ሠርቶ ይደርቃል። ከፊት ሳፈስ ከኋላ ደረቀ፤ ወደ ኋላ ስሮጥ ከፊት ደረቀ።

ኖራውን ያወቅሁት እኔ፣ ነፋሱን ያወቅሽው አንቺ። እኔ ሳፈስ አንቺ የነተበ ነጠላሽን ጨምቀሽ እግር በእግር ትከተይኝ ነበር። ሁሉ አለቀ ስንል ከበሩ እጀታ ሥር ተደብቃ የምትቀረዋን ጠብታ “ሌባዋ” ትያት ነበር። በሩን ከፍተሽ ስትወጣ በጣትሽ ትይዣታለሽ፤ ይዘሽም ልብሴ ላይ ትጠርጊያታለሽ።

ሥራው የሁለት ሰው ነው። ታዲያ ማን ሂጂ አለሽ? መኪና በደጅሽ ቆሞ፣ አስመራ ሐኪም እያለ፣ “ብርድ ነው፣ ያልፋል” አልሽኝ። ደም መትፋትሽን ለወንድምሽ ነግረሽ ከእኔ ደበቅሽ። ይህን የሰማሁት በቀብርሽ ማግስት ነው። እንዳልጨነቅ ብላ ነው አሉኝ። እንዳልጨነቅ ማን ለመነሽ? ላንቺ ከመጨነቅ የበለጠ ምን ሥራ ነበረኝ?

ጣሳዬን ይዤ ወዲያ ወዲህ ስል ያው ምስጢር ጠባቂሽ ጨርቁን አነሣ። አልጠራሁትም። ከኋላዬ ገብቶ ይጠርግ ጀመር፤ እያሽከረከረ ነው የሚጠርገው! ቀጥ አድርገህ! ከላይ ወደ ታች! ጭመቀው! ደረቁን ገጽ ገልብጥ! እያልኩ አስጨነቅሁት። እስከ ሞተሩ ክዳን ድረስ ታገሠኝ። እዚያ ሲደርስ ቀና ብሎ፣ “አታ ሰብአይ፣ አንተ ሰውዬ፣ እኅቴ አንተን በምን ቻለችህ?” አለኝ።

አልቃሹ ሳቀ። ሽማግሌው እንኳ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። አያ ተስፋይም ሊስቅ ሲል አለቀሰ፤ እያለቀሰም መጥረጉን አልተወም። እንባ ጨው አለው፣ ምልክት ይተዋል፣ ፊትህን ወዲያ አዙር አልኩት። አዞረ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መኪናዋ ወጣች። ሞተሩን አላስነሣንም፤ ወንዶቹ ገፏት፣ እኔ መሪውን ያዝኩ። ቀሚስሽ ከሞተሩ ክዳን ላይ ተነጥፏል፤ ደመናው ከነቅርጹ ጎኗ ላይ ይታይ ነበር። ሴቶቹ ባዩሽ ጊዜ፣ አዎን፣ ያዩት አንቺን ነው፣ ሙሾው እንደ ገና ተነሣ። አንዲት ነጠብጣብ አልነበረባትም። ብትኖር እነግርሽ ነበር።

ወንድምሽን ይቅር አላልኩትም። ቅዳሜ መኪናዋን አብረን ልናጥብ ይመጣል፤ ጨርቁን ማጠፍ ገና አልተማረም። ጊዜ ያስረሳሃል የሚሉኝ አሉ፤ ጊዜን እንዲያስረሳኝ አልለመንኩትም። እኔ አልረሳሽም፤ ዝናብ በጣሪያው ሲወርድም፣ ነፋስ ሲነሣም አልረሳሽም። በምን እንደቻልሽኝ ግን አላውቅም፤ ወንድምሽም አያውቅም። ያንን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ።

ባልሽ