ሳይታጠቡ ይምጡ

ልጄ ልደት፣ በሰው አገር የሰው ፊት አይክበድሽ፤ በወጣሽበት በገባሽበት የመድኃኔዓለም ጥላ አይለይሽ። እኛ ደህና ነን። የጅጅጋ ነፋስና አቧራ እንዳለ ነው፤ ውሃም ከጠፋ ሰነበተ።

ብብቴ ሥር ቡናማ ነገር ወጥቶብኝ፣ ጭርት መስሎኝ ከዱባይ የላክሽልኝን የጭርት ቅባት ብቀባው ብቀባው አልለቅ አለኝ። ጎረቤታችን ፊርደውስ ጎትታ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ብብቴን ለሰው ማሳየት አሳፍሮኝ፣ ያጠራቀምኩትን ጀሪካን ውሃ ጨርሼ ተፈትጌ ነው የሄድኩት። ሐኪሟ ክፍሉን አጨልማ ሰማያዊ መብራት አበራችብኝ፤ ምንም አልታየም።

«ታጥበው ነው የመጡት? ነገ ሳይታጠቡ ይምጡ» አለችኝ።

ግራ ገባኝ! ቆሽሸሽ ነይ የሚባለው የት አገር ሐኪም ቤት ነው?

በማግስቱ እያፈርኩ ሄድኩ። ያው መብራት ሲበራ ብብቴ እንደ ፍም ቀልቶ ታየ። «ባክቴሪያ ነው እንጂ ጭርት አይደለም፤ ትናንት በመብራቱ የሚቀላውን ምልክት በሳሙና አጥበውት ነው ያልታየው» ብላ ሌላ ቅባት ሰጠችኝ። ቦታው ሁልጊዜ ደረቅ ይሁን ብላኛለች። አሁን እየለቀቀኝ ነው። ንጽሕና በሽታ እንዴት እንደሚደብቅ ግን እስካሁን ግራ እንደገባኝ ነው።

አንቺም በቪዲዮ ስትደውዪ ሁሌ ተኳኩለሽ፣ እየሳቅሽ፣ «ደህና ነኝ» ነው። ስልኩን ስዘጋው ግን ያላየሁሽ ይመስለኛል፤ ምክንያቱ አይገባኝም ነበር።

ድንግል ማርያም በእቅፏ ትያዝሽ። አንድ ቀን እስቲ፣ ከሥራ እንደወጣሽ፣ ፊትሽን ሳትታጠቢ ደውዪልኝ።

እናትሽ ቀለመወርቅ