ስለ አንዲት «ን» እና ስለ አሮጌው ሰርቨር

ጥር 12 ቀን 2009 ዓ.ም.
ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ

ለተከበሩ አቶ ሉቃስ ገበየሁ
የአጥቢያችን የንብረት ኮሚቴ ሰብሳቢ

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በሰላምና፣ ከተቻለም፣ ስብሰባ ላይ ሳይሆኑ እንዲደርስዎ እየጸለይሁ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍሁትም፣ ቀደም ሲል የላክሁልዎ ሦስት ደብዳቤዎች ፖስታቸው ሳይቀደድ ጠረጴዛዎን እያስዋቡ መሆናቸውን ስለሰማሁ ነው።

እንደሚያውቁት፣ የመዘምራኑ የሠላሳ ዓመት ቅጂዎች የሚገኙበት ሰርቨር፣ ማለትም አራት ሃርድ ዲስክ የተሸከመው ጥቁር ሣጥን፣ ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት በእኔ ሳሎን በእንግድነት ይኖራል። «ይተካ ወይስ ይቆይ?» የሚለውን ጥያቄ ኮሚቴዎ ሁለት ዓመት ሙሉ በጥልቀት መርምሮ፣ በመካከሉም ራሱን በጥልቀት አድሶ፣ በመጨረሻ ከውሳኔ ላይ በመድረሱ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቅሬታዎቼ ግን የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ. ቃለ ጉባኤው «አሮጌው ሰርቨር አዲሱን እንዲተካ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» ይላል። በሰዋስው ሕግ «ን» የምትለጠፈው በተሳቢው፣ ማለትም ድርጊቱ በሚፈጸምበት ላይ ነው። ስለዚህ የኮምቦልቻ ወገኖቻችን በስጦታ የሰጡን፣ እኔም በሚኒባስ ታቅፌ የሐረጎን ዳገት ያወጣሁት አዲሱ ሰርቨር ሥራ ሳይጀምር ተሰናብቶ፣ አሮጌው በክብር ተሹሟል። ይህን ትምህርት በሰባተኛ ክፍል ያስተማርሁዎ እኔ በመሆኔ፣ የጥፋቱን ግማሽ በትሕትና እቀበላለሁ።

2ኛ. የንብረት ክፍሉ አቶ ወልደ ሚካኤል በጽሑፍ የታዘዙትን ቅንጣት ሳያጓድሉ የሚፈጽሙ ሰው ናቸውና፣ በማግስቱ መጥተው አዲሱን ከነካርቶኑ ወስደው ከድንኳኑና ከፕላስቲክ ወንበሮቹ ጋር መጋዘን ውስጥ ቆልፈውበታል። «ጋሼ፣ እኔንም ገርሞኛል፤ ግን እኮ ሰባት ሰው ፈርሞበታል» አሉኝ። ሰባት ሰው ፈርሞበት አንድም ሰው ያላነበበው ወረቀት በሙዚየም ሊቀመጥ እንደሚገባው አምናለሁ።

3ኛ. ስሕተቷን ለማረም ምልዓተ ጉባኤ ያስፈልጋል ተብሎ ሦስት ጊዜ ተጠርታችሁ፣ ሦስቱንም ጊዜ አልሞላችሁም። ለማጥፋት ሙሉ ድምፅ፣ ለማረም ባዶ ወንበር!

4ኛ. ሦስተኛው ዲስክ ማንኳኳት ጀምሯል። የሰኞ ገበያው የኮምፒዩተር ጠጋኝ አብዱልወሀብ ጆሮውን ሣጥኑ ላይ ለጥፎ ካዳመጠ በኋላ፣ «አባባ፣ ወላሂ ይሄ ኑዛዜውን እየተናገረ ነው፤ ዛሬውኑ ወደ አዲሱ ይገልብጡት» አለኝ። አዲሱ ተቆልፎበታል፤ መመሪያችሁ ደግሞ ያለ ኮሚቴው ፈቃድ ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጥን ይከለክላል። በዚያ ዲስክ ላይ፣ መስኮት ዘግተን እንዘምር በነበረበት በደርግ ዘመን የተቀዳ፣ የሟች ባለቤቴ የእቴነሽ ድምፅ አለ። ካሴቱ ከተበላ ቆይቷል፤ ሌላ ቅጂም የለም። ጎረቤት እንዳይሰማ ብላ በለሆሳስ ነበር የዘመረችው፤ ዛሬ ዲስኩ ከእርሷ ይልቅ ይጮኻል።

ስለዚህ የምለምነው፣ አንዲት ፊደል ከአንዱ ቃል ተነሥታ ወደ ጎረቤቷ እንድትዛወርና «አሮጌውን ሰርቨር አዲሱ እንዲተካ» ተብሎ እንዲጻፍ ብቻ ነው። ዝውውሯ ቅርብ ስለሆነ ውሎ አበል አይጠይቅም።

የኮሚቴዎን ትዕግሥት እያደነቅሁ፣ የራሴን ግን እየጨረስሁ፣ እያንዳንዷን ነጠላ ሰረዝ በየቦታዋ ማስቀመጤን ሁለት ጊዜ አረጋግጬ፣ በታላቅ አክብሮት እፈርማለሁ።

ስማቸው ብሩ
ጡረተኛ የአማርኛ መምህር

ግልባጭ፦ ለአቶ ወልደ ሚካኤል፣ ንብረት ክፍል (ያለ ኮሚቴው ፈቃድ የተገለበጠ)

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ከሰዓት በኋላ ባለቤትዎ ወይዘሮ አቢጌል በሠርጋችሁ ዕለት የተዘመረላችሁን መዝሙር ለመስማት ቤቴ መጥተው ነበር። እርሱም የሚገኘው በሦስተኛው ዲስክ ላይ ስለሆነ አልከፈት አለ። ምክንያቱን ቢጠይቁኝ ቃለ ጉባኤውን ከነፊርማዎ አሳየኋቸው። ጉዳዩን ዛሬ ከእራት በኋላ ከእርስዎ ጋር ሊነጋገሩበት እንዳሰቡ፣ ለዚህም ምልዓተ ጉባኤ እንደማያስፈልጋቸው ገልጸውልኛል።