ወጪና ገቢ

ለልጄ ለዳናይት፣ ቤሩት።

እንዴት ከርመሻል የኔ ዓለም? ዛሬም ኡራኤልን ስሳለም ያነሳሁት ያንቺን ስም ነው። እኔና አባትሽ ደህና ነን።

ቀበሌው ዕዳ ላለባቸው ሴቶች የገንዘብ አያያዝ ያስተምራል ሲሉኝ ተመዘገብኩ። ለመንገድሽ የተበደርነውን ሳልከፍል አልሞትም ብዬ ነው፣ በቃ። በመጀመሪያው ቀን አስተማሪዋ፣ ያንቺ እኩያ ናት፣ «የቤታችሁን ወጪና ገቢ ጻፉ» አለችን። እኔ ሞኟ ወጪ በሚለው ሥር «ዳናይት» ብዬ ጻፍኩ። ከቤት የወጣሽው አንቺ አይደለሽ? ሴቱ ሁሉ አውካካብኝ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

አሁን ጎብዣለሁ። ስኳር ቀንሻለሁ፤ እስከ ስታዲየም በእግሬ ነው የምሄደው። የቤቱ ስልክ ከፋሲካ ወዲህ ስላልጮኸ፣ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ቴሌ አመለከትኩ። ሠራተኛው መጥቶ ነካክቶት «ደህና ነው» ብሎኝ ሄደ። አባትሽ ግን ከአጠገቡ አይነሳም።

ትናንት አስተማሪዋ ደብተሬን አይታ፣ «እትዬ ማሚት፣ ገቢ የሚለው ሦስት ወር ሙሉ ባዶ ነው። ዜሮ ይጻፉበት እንጂ» አለችኝ።

እምቢ አልኳት። «ተይው ልጄ፣ ሰው አለው» አልኳት። በዚህኛው ማንም አልሳቀም።

ያለሽበት አገር መሬቱም ሰዉም ይመችሽ።

እናትሽ ማሚት፣ ከካዛንቺስ