በራሴ ስም የከፈትኩት ሂሳብ

ፉኩኦካ፣ ማርች 6 ቀን 2019

ይድረስ ለሮሻን አባት፣

እንደምን ሰነበትክ? የእናትህ ጉልበትስ እንዴት ሆነላቸው? የላክሁት ቅባት እንደደረሰ ተስፋ አደርጋለሁ። አገር ቤት ጋልኮት ላይ የምትሠራው ቤት ጣሪያው ወጣ ወይስ አሁንም ቆርቆሮ ጠፋ እየተባለ ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ ሱቁም ደህና ነው። ምስር ተወዷል፤ የአገራችን ልጆች፣ ተማሪዎቹ ግን ያለ ምስር አያድሩምና እያጉረመረሙ ይገዛሉ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው በስልክ ያልከኝ ጉሮሮዬ ላይ እንደተሰነቀረ አለ። "የሱቁን ኪራይ በቴክ ባሃዱር ስም እናዙረው፤ አንቺ ባንክ ገብተሽ ከጃፓኖች ጋር የምትነጋገሪ ሰው አይደለሽም" አልከኝ። ቴክ ባሃዱር! ከሙንን ከድንብላል የማይለይ ሰው ጓደኛህ ስለሆነ ብቻ የሱቄ ጌታ ይሁን?

በአንተ ስም ያለው የሱቁ ውል በዚህ ወር መጨረሻ እንደሚያልቅ ታውቃለህ። የሕንጻው ባለቤት እማማ ኢሶጋይ በእኔ ስም ሊያድሱት ፈቅደዋል። ነገር ግን ኪራዩ ተከራዩ በራሱ ስም ከከፈተው ሂሳብ መምጣት አለበት። ያንተ ሂሳብ ከእንግዲህ አይሠራም፤ ለምን እንደሆነ ኋላ እመጣበታለሁ። ሂሳብ ካልከፈትኩ ሱቅ የለኝም ማለት ነው።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ የመኖሪያ ካርዴንና ስሜን ያስቀረጽኩበትን ማኅተም ይዤ በባቡር ጣቢያው አጠገብ ወዳለው ባንክ ሄድኩ። እማማ ኢሶጋይ "ብቻሽንማ አትሄጂም" ብለው ተከተሉኝ። መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ ካርዴን ተቀበለና ፊቱን ወደ እሳቸው አዞረ።

"እኚህ ደንበኛ ጃፓንኛ ይረዳሉ?"

"አፍንጫህ ሥር ተቀምጣለች፤ ለምን እሷን አትጠይቃትም?" አሉት።

የእኔን ጃፓንኛ ታውቀዋለህ። ከአትክልት ጅምላ ገበያ፣ ከእነዚያ አፈ ሻካራ ሽማግሌዎች የለቀምኩት ነው። "በስብሷል! ቀንስ! ነገ አትጠብቀኝ!" ለማለት ማንም አይደርስብኝም። የባንኩ ግን "በክቡርነትዎ ዘንድ ይህ ሂሳብ ለምን ዓይነት ተግባር ይውል ዘንድ ታስቧል?" የሚል ነው። ልመልስ ወይስ ልስገድ ግራ ገባኝ።

"ሽንኩርት ልገዛበት፣ ቅመም ልሸጥበት፣ ኪራይ ልከፍልበት" አልኩት።

ወደ ውስጥ ገብቶ ተመለሰ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ በጥርሱ መካከል አየር ስቦ፣ "እጅግ ይቅርታ፤ ይሄ ትንሽ ያስቸግራል" አለኝ።

እዚህ አገር እምቢ የሚል ሰው የለም። ትንሽ ያስቸግራል ይልሃል፤ አንተም ጎንበስ ብለህ አመስግነህ ትወጣለህ። አንተ እንዲህ እያመሰገንክ ከስንት ቢሮ ወጥተሃል! እኔም ከኋላ ከኋላህ። ማክሰኞ ግን ከወንበሬ አልተነሣሁም።

"የቱ ነው የሚያስቸግረው?"

"እ... በጠቅላላው..."

"በጠቅላላው የሚባል ወረቀት የለኝም። ካርዴ ነው? ማኅተሜ ነው? የጎደለውን ንገረኝ፤ አሁን አመጣልሃለሁ።"

እማማ ኢሶጋይ እጅጌዬን ጎተቱኝ። "ልጄ፣ እምቢ ማለቱ እኮ ነው። ተነሺ፤ ሰው እያየን ነው።"

"እምቢ ካለ እምቢ ይበለኛ! ምክንያቱንም ይንገረኝ። ሽንኩርት ሻጩ እንኳ አልሸጥልሽም ሲለኝ ለምን እንደሆነ ይነግረኛል!"

የሰውዬው ጆሮ ቲማቲም መሰለ። ደግሞ ገባ፤ ደግሞ ወጣ። ቢሰድበኝ መልስ ነበረኝ፤ ያበገነኝ ትሕትናው ነው። እዚህ አገር ግብር ከፍያለሁ፣ ልጅ አሳድጌያለሁ፤ ቋሚ ነዋሪ ነሽ ብሎ ካርዱን የሰጠኝ የገዛ መንግሥታቸው ነው። እሱ ግን በሁለት ጣቱ ይዞ እንደተጠራጠረው ዓሣ ያገላብጠዋል።

በመጨረሻ መነጽር ያደረጉ የክፍሉ ኃላፊ ሴትዮ መጡ። "ደንበኛዋ ራሳቸው ሰምተው ራሳቸው መመለስ አለባቸው። ሌላ ሰው ሊያግዛቸው አይችልም" አሉ። ቢያንስ ይሄ ምክንያት ነው። እማማ ኢሶጋይ ወደ መጠበቂያው ወንበር እየሄዱ "የገበያውን አፍሽን እንዳታወጪባቸው!" ብለው ጮሁልኝ፤ ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ።

ብቻዬን ቀረሁ። አድራሻዬን በገዛ እጄ፣ በእነሱ ፊደል ጻፍኩ። ከየት እንደምገዛ፣ ለማን እንደምሸጥ ጠየቁኝ፤ መለስኩ። ያልገባኝን "በሰው ቋንቋ ይንገሩኝ" አልኳቸው። ሴትዮዋ ሳይስቁ ነገሩኝ።

ከዚያ፣ "ይህን ሂሳብ ከእርስዎ በቀር የሚጠቀምበት ሰው አለ?" አሉኝ። ሂሳባቸውን ለአጭበርባሪ የሚያከራዩ ሰዎች ስላሉ ሁሉንም ይጠይቃሉ።

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ያልገባኝ መስሏቸው ቀለል አድርገው ደገሙልኝ፦ "ለምሳሌ ባለቤትዎ?"

መች ሳይገባኝ ቀረ! ከዚህ አገር የወጣ ሰው በዓመቱ ካልተመለሰ የመኖሪያ ፈቃዱ እንደሚወድቅ አውቃለሁ። አንተም ታውቃለህ። ሂሳብህ የሞተው ከፈቃድህ ጋር ነው። ጥር ላይ፣ ከወጣህ ዓመት ሳይሞላህ፣ አውሮፕላን መሳፈር ትችል ነበር፤ አልተሳፈርክም። አልነገርከኝም። እኔም አልጠየቅኩህም፤ ስለ ቆርቆሮ ስናወራ ከረምን።

"የለም" አልኩ። "ከእኔ በቀር ማንም የለም።"

የሂሳብ ደብተሩን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ትናንት ከእማማ ኢሶጋይ ጋር ውሉን ተፈራረምን። ለቴክ ባሃዱር አንተው ንገረው፤ እኔ ከነገርኩት በገበያው አፌ ነው።

ከእንግዲህ መምጣት ካሰብክ የምትመጣው እንደ እንግዳ ነው። ለእንግዳ ቪዛ ደግሞ እዚህ የሚኖር፣ ደብተሩን አሳይቶ የሚፈርም ዋስ ይጠየቃል። እፈርማለሁ አላልኩህም። ግን ጠይቀኝ፤ በሰው አታስልክ፣ ራስህ ጠይቀኝ።

የእናትህን እግር ሳምልኝ። እድሜና ጤና ይስጣቸው። ላንተም ልብ ይስጥህ።

ማንማያ ፑን