የቆላው ፍሬና የአባባ ኪኒን

ይድረስ ለእታለሜ፤

እንደምን ሰነበትሽ? አስቻለውስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የመርሐቤቴ ወባ ደጃችሁን እንዳይረግጥ ዘወትር እለምናለሁ። እኛም ደህና ነን ብዬ እንዳልቀጥል ውሸት ይሆንብኛል። በስልክ ያልነገርኩሽ አባባ ከጎኔ ስለማይጠፉ ነው፤ ዓይናቸው ቢደክምም ከጆሯቸው የሚያመልጥ የለም።

ልቆጣሽ ነውና ቻይኝ። በነጋዴዋ በዘነበች የምትልኪውን ያን ብርቱካን መሳይ ኮምጣጣ ፍሬ፣ ግሬፕ ፍሩቱን፣ ከእንግዲህ እንዳትልኪ።

አባባ የደም ግፊቱን ኪኒን ሆዴን ያቃጥለኛል እያሉ በወተት ነበር የሚውጡት። ሁዳዴ ሲገባ ወተቱ ቀረ። ያን ጊዜ ያንቺ ፍሬ ደረሰልኝና እኔው በእጄ እየጨመቅሁ በጭማቂው አስዋጥኳቸው። የጾም ነው፣ ምን ክፋት አለው ብዬ። ባለፈው ዓርብ ቀድሰው ሲወጡ ደጀ ሰላሙ ላይ ተዝለፈለፉ። ቄስ መልከ ጼዴቅ ባይደግፏቸው ድንጋዩ ላይ ነበሩ። ጎረቤቱ ሁሉ ጾሙ ነው ያደከማቸው አለ። ሐኪም ቤት ስወስዳቸው ሐኪሙ ግን ግፊታቸውን ለክቶ ክፉኛ ወርዷል አለና ኪኒኑን በምን እንደሚውጡት ጠየቀኝ። ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። ይሄ ፍሬ ሰውነት መድኃኒቱን እንዳያስወግድ ስለሚያግድ በደም ውስጥ እየበዛ ይሄዳል አለኝ። ቀን ጠጥተው ኪኒኑን ማታ ቢውጡ እንኳ አያመልጡም።

ፍሬው ይቅርብዎ ብዬ ለአባባ ብነግራቸው እሺ አሉኝ። ተመስገን ብዬ ተቀመጥኩ። ትናንት ፍራሻቸውን ላራግፍ ሳነሣው ኪኒኖቹ ከሥሩ ተደብቀዋል። ለካ እሺ ያሉት ፍሬውን ሳይሆን ኪኒኑን ለመተው ኖሯል። እሱንም ካቋረጡ ግፊቱ ሽቅብ ወጥቶ ይጥላቸዋል ብሎ ሐኪሙ አስጠንቅቆኝ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አባቴ ላይ ጮኽኩ። ለአንድ ኮምጣጣ ፍሬ ብለው ሊሞቱብኝ ነው ወይ አልኳቸው።

ኪኒኑን ማንም ይሰጠኛል፣ ይሄን ግን የላከችልኝ ልጄ ናት አሉኝ።

የታጨሽለትን ዲያቆን ትተሽ ከአስቻለው ጋር ቆላ ከወረድሽ ወዲህ ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም። ስምሽ ሲነሣ መስቀላቸውን ይዘው ይወጡ ነበር። አሁን ልጣጩን እንኳ አላስጥልም ብለው መስኮቱ ላይ አድርቀውታል።

የቀረውን ፍሬ ደብቄባቸዋለሁ። ተቀይመውኝ ኪኒኑን ከእጄ አልቀበልም ብለዋል፤ የእሳቸውን ግትርነት ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ አንቺም የወረስሽው ነው። በጣም ፈርቻለሁ፣ እታለሜ።

ዘነበች ማክሰኞ ወደዚህ ወደ መሐል ሜዳ ስትመለስ አብረሻት ነይ። የታመመ ሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባም እንደምትዪ አውቃለሁ። ያን ወግ ለዛሬ ተዪው፤ ሎሚም እንዳትይዢ። ውሃው ከዚህ አለ፣ ኪኒኑም አለ። ካንቺ እጅ ይውጡታል።

የአባባ ጸሎት ከመንገድሽ አይለይ። እናታችን ከላይ ሆና ታያለች።

ታናሽሽ